መክሳት በደሴና በኮምቦልቻ

ውፍረትን ሆን ብሎ መቀነስ እንደ አንድ ጥበብ ተቆጥሮ፣ ምክሩም እንደ ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መታየት የጀመረው በደሴና በኮምቦልቻ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሰው ግን ስለ ስቡ አንዲት ቀን እንኳ ሳይጨነቅ፣ ዛሬ በየስፖርት ቤቱ በገንዘብ የሚሸመተውን መራብና መድከም አንዱን ለነፍሱ፣ አንዱን ለገበያው፣ አንዱንም ለሆዱ ትል ሲል ዓመቱን ሙሉ ይፈጽመው ነበር።

ለዚህም ስለ መወፈርና ስለ መክሳት የነበረው የቃላት አጠቃቀም ራሱ ምስክር ነው። በቀድሞው ሰው አነጋገር «ወፈር ብለሃል» ማለት ምርቃት እንጂ ነቀፋ አልነበረም፤ ጤናና ጥጋብ፣ ሰላምና ተድላ በሰው ገላ ላይ የሚነበቡት በጉንጩ ሙላት ነበርና። «ከሳህ» የተባለ እንደሆነ ግን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ሐዘን፣ ስለ በሽታ ወይም ስለ ዕዳ ነበረ። አንድ የቅርብ ዘመዴ አዲስ አበባ ተቀምጦ 14 ኪሎ ከቀነሰ በኋላ ለጥምቀት ደሴ ሲገባ፣ አያታችን ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ታመህ ኖሯል? ምነው ሳትልክብን?» አሉት። «አልታመምኩም እማማ፤ ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት» ቢላቸው፣ «ሆን ብለህ?» አሉና ዝም አሉ። እኒህ ሴት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ሰሜናዊ አውራጃዎች እየተጎተተ መጥቶ መንገድ ዳር የወደቀውን ሕዝብ፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ሳያሳየው በፊት በዐይናቸው ያዩ ናቸውና፣ ገላን በፈቃድ ማክሳት የሚባለው ሐሳብ በልባቸው የሚያርፍበት ስፍራ አላገኘም። በዚህ ነገር ላይ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ ይህን ዝምታ አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ስሟንም በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያወጡላት፣ በኋላም ራስ ሚካኤል መናገሻቸው ያደረጓት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ሸለቆ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች። የሁለቱ ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ እግሩን ተማምኖ ለሚሄድ መንገደኛ ነገሩ የርቀት ሳይሆን የሐረጎ ዳገት ነው፤ መንገዱ በሐረጎ እንደ ተበተነ መቀነት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ደረት ይጨነቃል። መኪና ለሁሉ ባልተዳረሰበት ዘመን ለሰኞ ገበያ ዶሮውን እግር ከእግር አስሮ፣ ወይም እህሉን በአህያ ጭኖ ከቆላው የተነሣው ገበያተኛ፣ ሌሊት ተነሥቶ ጠዋት ደሴ ለመድረስ ያን ዳገት ሲወጣ፣ ስንቁ በቅል ውኃ የሚበጠበጥ በሶ፣ ወይም በኪሱ የሚፈሰፈስ የገብስ ቆሎ ነበረ። ከዚያም ሸጦና ሸምቶ ማታ ይመለሳል፤ ይህን ሲያደርግ ስፖርት ሠራሁ ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ ስብ በላብ ይወጣል ይሉ ነበር፤ ዛሬም ብዙው ሰው እንዲሁ ያምናል። ነገር ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት አውስትራልያውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት እንደ ተገለጠው፣ 10 ኪሎ ስብ በሰው ገላ ውስጥ ተቃጥሎ ሲያልቅ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ የሚወጣው በትንፋሽ ሲሆን፣ ውኃ የሚሆነው የቀረው 1.6 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ በሐረጎ ወገብ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ገበያተኛ፣ ሳያውቀው ስቡን ለነፋስ ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጾሙ እንምጣ፤ የዚህ ታሪክ እምብርት እርሱ ነውና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ሲሆኑ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ገሃድ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉባቸው፣ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ 250 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይታቀባሉ። ጥብቅ የሆነው ጿሚ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሰሙነ ሕማማትም እስከ ማታ እህል አይቀምስም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ የጾምን ነገር ሲደነግግ፣ ዓላማው ፈቃደ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት እንደ ሆነ ያስተምራል እንጂ ስለ ወገብ ቅጥነት አንዳች አይናገርም። ከእርሱ ጋር በአንድ ከተማ በአንድ ግቢ የሚኖረው እስላሙ ጎረቤት ደግሞ ረመዳንን ከጎሕ መቅደድ እስከ ፀሐይ መጥለቅ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይጾማል፤ ትሩፋት የሚወደውም ሰኞንና ሐሙስን ይጨምራል። የደሴን አንድ ግቢ ብንወስድ፣ ክርስቲያኗ ረቡዕና ዓርብ፣ እስላሟ ሰኞና ሐሙስ ሲጾሙ፣ ከሳምንቱ ሰባት ቀን ማንም የማይጾምባቸው ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናሉ። አገረ ገዥው ራስ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ የተባሉ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ ናቸውና፣ ሁለቱንም የጾም ሥርዓት በገላቸው ያወቁ ገዥ ነበሩ።

ስግደቱም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። በስቅለት ዓርብ ሕዝበ ክርስቲያኑ ነጠላውን አደግድጎ ከጠዋት ጀምሮ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል፤ ማታም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ጠብ ጠብ እያደረገ ተጨማሪ የስግደት ቁጥር ያዝዝለታል። በማግስቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ቄጠማውን በራሱ ላይ አስሮ ከመድኃኔ ዓለም ደጅ ቁልቁል የሚወርደውን ሰው አካሄድ ያየ፣ ጭኑ እንዴት እንደ ተሳሰረ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ግንብ ይዞ፣ አንዳንዱም ጎኑን አዙሮ እንደ ሸርጣን ይወርዳል። እስላሙም በቀን በአምስቱ ሰላት 17 ረከዓ፣ በየረከዓውም ሁለት ሱጁድ ሲሰግድ፣ ግንባሩን በቀን 34 ጊዜ ከመሬት ያገናኛል፤ የረመዳን ሌሊት ተራዊሕ ሲጨመርማ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል። ዛሬ በመስተዋት ፊት ቁጢጥ ብድግ የሚያሰኘው አሠልጣኝ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን እላለሁ።

ይሁን እንጂ ጾም ሁልጊዜ ያከሳል ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። በኑግ ዘይት የተንቆጠቆጠ ሽሮ፣ በተልባ የተፈተፈተ እንጀራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ በአንድ ጊዜ የሁለት ጊዜ ማዕድ የሚያወርድ ሆድ፣ ጿሚውን ከነውፍረቱ ፋሲካ ላይ ሊያደርሱት ይችላሉ፤ ከፋሲካም በኋላ ዶሮውና ቅቤው የ55 ቀኑን ሒሳብ በሳምንት ያወራርዱታል። የወፈረው ሰውም በዚያ ዘመን አልጠፋም፤ በቅሎ ያለው ነው። ባለ በቅሎው ዳገቱን ተቀምጦ ሲወጣ፣ ጋሻ ጃግሬው በእግሩ ይከተለዋልና፣ ስብ በማዕርግ ይከፋፈል ነበር ለማለት ይቻላል። ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ የተባሉት፣ በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው፣ እንደሚተረከው፣ ደኻውንም ባለጸጋውንም ሳይጠየፍ በአንድነት ስለሚያበላ ነው፤ ሥጋው ግን እንደ ወሎ ልማድ የክርስቲያኑ ለክርስቲያን፣ የእስላሙም ለእስላም ለየብቻ የሚታረድ ነው።

ሥጋ ከተነሣ ኮሶን ማለፍ አይቻልም። ጥሬ ሥጋ የሚበላው አበሻ በሆዱ የሚያድረውን ትል ለማውጣት በየሁለት ወሩ ያህል የኮሶን አበባ ፈጭቶ በጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ የዚያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራም አይታዘዝም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ እንደ ሆነ ነገሩ አለቀ፣ ባለ ጉዳዩ ከበር ይመለሳል። በመጋረጃ ጀርባ ተጋድሞ፣ ሆዱን ይዞ፣ አፉን በሎሚ እያሻሸ፣ እስኪሽርለት ድረስ ይውላል፤ ማታ ላይ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል። ደጃዝማች ወንድይራድ ካሳን፣ ማለትም የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ስለ ሰደበ በተማረከ ጊዜ ኮሶ እንዲጠጣ መገደዱ እስከ ዛሬ ይተረካል። አበባውም ባሕር ተሻግሮ፣ ብራዬር በተባለ ሐኪም ስም ተጠርቶ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። የሚያስገርመው፣ በሌላው ዓለም ለመክሳት ሲል የኮሶ ትል እንቁላል የሚውጥ ሰው አለ የሚል ወሬ መኖሩ ነው፤ እኛ ለማውጣት ያን ሁሉ ምሬት የጠጣንለትን ትል ማለት ነው! ኮሶም ቢሆን መጠኑ ሲያልፍ የዐይን ብርሃን እስከ ማጥፋት የሚደርስ መርዝ መሆኑን ሐኪሞች መስክረዋል።

ከቀድሞው ልማድ ሌላው ወይባ ጢስ ነው። የቤቱ ወለል በጥቂቱ ይቆፈራል፤ ፍሙ ከገባበት በኋላ የወይባው እንጨት ይጨመርበታል፤ አራሷ ወይም ሙሽራዋ ቅቤ ተቀብታ፣ ከጉድጓዱ በላይ ተቀምጣ፣ ከአንገቷ በታች በጋቢ ትሸፈናለች፤ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ ፊቷ ብቻ ከጋቢው ወጥቶ ከጎረቤት ጋር ወሬዋን ትቀጥላለች። ዓላማው የወገብ ሕመምን ማስለቀቅና ገላን ማሳመር ነበረ እንጂ፣ ማቅጠን አልነበረም። ዛሬ በየከተማው «ቦርጭ ያጠፋል» እየተባለ ሲሸጥ እሰማለሁ፤ በሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ ግን የውኃ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል።

የውጭው ዓለም በበኩሉ እኛ ለጽድቅ ያደረግነውን ለገላ ብሎ የጻፈበት ዘመን ረጅም ነው። ሉዊጂ ኮርናሮ የተባለ የቬኒስ ባለጸጋ ስለ መጥኖ መብላት የጻፈውን መጽሐፍ በ1558 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚም በ1863 እ.ኤ.አ. ዳቦ፣ ስኳር፣ ድንችና ቢራ ትቶ በሥጋ እየኖረ እንዴት እንደ ከሳ በትንሽ መጽሐፍ አስታወቀ። ይህን ምክር የደሴ ጿሚ ቢሰማው ግራ በገባው ነበር፤ እርሱ የሚተወው ሥጋውን፣ የሚይዘው እንጀራውን ነውና። ከሁሉ የሚበልጠው የስኮትላንዱ አንገስ ባርቢየሪ ነው፤ በ1965 እና በ1966 እ.ኤ.አ. በሐኪሞች ጥበቃ 382 ቀን ያለ እህል ኖሮ ከ207 ኪሎ ወደ 82 ኪሎ ወረደ። እንዲህ ያለውን ጾም ማንም ያለ ሐኪም ሊሞክረው አይገባም፤ ቅዱሳኑ እንኳ በቀኖና የሚጾሙት በአበ ነፍስ ፈቃድ ነበር።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው መወፈር የጀመረው ጾሙ ስለ ቀረ አይደለም፤ ጾሙ ዛሬም አለ። የቀረው ዳገቱ ነው። ሐረጎን ሚኒባስ ያወጣዋል፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ ያለውን ባጃጅ ይጨርሰዋል፤ የጾሙንም ወጥ የጀሪካን ዘይት አወፈረው። ኮምቦልቻ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የቢራ ፋብሪካ ሲተከልባት ደግሞ፣ ቦርጭ የሚባለው ነገር ከባለ በቅሎው ወርዶ ለሁሉ ደረሰ።

ባለፈው ሰኞ ከገበያው የመድኃኒት ተራ ቆሜ ነበር። አሮጊቷ ሻጭ በማዳበሪያ ላይ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ቅጠልና ቡናማውን ኮሶ ደርድረዋል። አንድ ጎልማሳ ሆዱን በጃኬቱ ሸፍኖ ጎንበስ አለና፣ «እማማ፣ ይሄ ለቦርጭ ይሆናል?» ሲል ኮሶውን አመለከተ።

«የኔ ልጅ፣ እሱ የሚያወጣው ትል ነው።»

«ግድ የለም፣ ይስፈሩልኝ» አለ። እማማ አንዴ እርሱን፣ አንዴ እኔን አዩና፣ ከኮሶው ሳይነኩ አብሹን በስኒ ሰፍረው ሰጡት፤ እርሱም ልዩነቱን ሳያውቅ ከፍሎ፣ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።