የመተማ ትኩሳት በጣና ዳርቻ

ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ያሰመረ ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ጣና በስሙ ተጠርቷል፤ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ስምምነት ሳይኖር የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። ውሉ ባለ አምስት አንቀጽ ነው። ወሰኑ፣ ውኃው፣ የኢታንግ ንግድ ጣቢያና የባቡሩ ሐዲድ ተነሥተዋል። በወሰኑ ግራና ቀኝ ስለሚኖረው ሰው ጤና ግን አንድም ቃል የለበትም።

ውሉ በተፈረመ በሁለት ዓመቱ ሱዳን ውስጥ ካላዛር ተመዘገበ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው። ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ መተማና ሑመራ ያለው ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ መሬት ሲሆን ግራር ይበዛበታል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በስንጥቁ ውስጥ ተጠልላ ውላ ሌሊት ወጥታ ትነክሳለች። ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ሲስፋፋ የደጋው ሰው ለአጨዳ ወደዚያ መውረድ ለመደ። ወጣቱ ቀን ሲያጭድ ይውላል፤ ሌሊት ያለ አጎበር ከግራር ሥር ያድራል። ተነክሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ጤነኛ ይመስላል። ሕመሙ የሚነሣው ከወራት በኋላ ነው፦ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይሞታል።

ሊቦ ከምከም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ከወረታ አልፎ የሚገኝ፣ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚነካ ወረዳ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያ ሰው በማያባራ ትኩሳት ይታመም ጀመር። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ቢሰጥም ሞቱ አልቆመም። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በከፈቱት ማዕከል እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ 2,450 ሕሙማን ታከሙ። ከእነዚህ መካከል ቆላ ወርደው የማያውቁም ነበሩ። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በሽታውን ይዘው የመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ያለችው ዝንብ ከሰው ወደ ሰው አዛመተችው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በወባ ስም ያለቀው ሰው ነው። ገዳሪፍ ያለ ሐኪም ያን ሕመምተኛ ቢያገኘው ኖሮ ጣፊያውን ዳስሶ ካላዛርን ይጠረጥር ነበር። ዕውቀቱ ከወሰኑ ማዶ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጧል፤ ሠራተኛው በየዓመቱ ሲሻገር ዕውቀቱ አብሮት አልተሻገረም።

ዕውቀቱን ማሻገር ያሰቡ ሐኪሞች ግን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ኻርቱም ላይ ተሰብስበው የምሥራቅ አፍሪካ የሊሽማኒያ (የካላዛር አምጪ ተሕዋስ) ጥናት መድረክን መሠረቱ። ጎንደርና አርባ ምንጭም የጥናቱ ጣቢያ ሆኑ። ቀድሞ ሕመምተኛው 30 ቀን በየዕለቱ መርፌ ይወጋ ነበር። ሁለት መድኃኒት አጣምረው በአራቱም አገር ሞክረው 17 ቀን እንደሚበቃ አሳዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ሕክምና መከረ። የእርሻ ሰው አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ ከአልጋ ሲነሣ ለራሱም ለአስታማሚውም ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። በኔ ግምት ከ1894ቱ ውል ይልቅ ለጣና ዳርቻ ሰው የጠቀመው ይህ የሐኪሞች ስምምነት ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ስደተኛው በመተማ በኩል ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት የአማራ ክልልም ግጭት ውስጥ ወደቀ። አጨዳው ግን አልቀረም፤ ሰው ዛሬም ለእንጀራው ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ለአጨዳ የምትወርዱ ወንድሞች፣ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መተማ ወይም ሑመራ ሠርታችሁ እንደነበር ተናገሩ። የጤና ባለሙያዎችም ለወባ መድኃኒት አልመለስ ያለ ትኩሳት ስታዩ የት ሠርቶ እንደመጣ ጠይቁ፤ ጣፊያውንም ዳስሱ።