ከሳይጎን የአንድ ቀን መንገድ፦ የማንን ታሪክ ልይ?

"አንድ ቀን ብቻ ነው ያለሽ? በቃ፣ ዋሻው ጋ ሂጂያ!" አለኝ አጎቴ በስልክ።

ጋሼ ቬትናምን ረግጦ አያውቅም። ከ1974ቱ አብዮት በፊት ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ ሆ ቺ ሚንን እንደ ሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። (ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ ዘመን ተማሪ ሰልፍ ሲወጣ ከሚዘምራቸው መዝሙሮች በአንዱ የሆ ቺ ሚን ስም ከቼ ጉቬራ ጋር ይነሳ ነበር። ለእኛ ትውልድ ቬትናም ማለት የአሜሪካ ፊልም ነው። ለእነ ጋሼ ግን ተስፋ ነበረች፤ ገበሬ ዓለም የሚፈራውን ጦር ሲያሸንፍ ያዩባት ሀገር።

እኔ ደግሞ ለአጭር ሥልጠና ሆ ቺ ሚን ከተማ ገብቼ፣ አንዲት እሑድ ባዶ ሆናልኝ፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ከተደረደሩት በራሪ ወረቀቶች ፊት ተገትሬያለሁ። ምርጫው ብዙ ነው። ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ይነሳሉ፣ ሁሉም ሲመሽ ይመልሳሉ፣ ሁሉም ምሳና አስጎብኚ አላቸው። ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አንዱን መርጦ መሄድ ነዋ!

የሚያስጨንቀውማ ይሄ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሄደ ሰው ጦርነት አይቶ ይመለሳል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሄደ ኮኮናትና ጀልባ አይቶ ይመለሳል። ማታ ሁለቱም "ቬትናምን አየኋት" ይላሉ። የአንድ ቀን ጉብኝት ስትመርጥ የማንን ታሪክ እንደምትሰማም አብረህ ትመርጣለህ ማለት ነው። እስኪ ከከተማዋ እንጀምር።

ሁለት ስም ያላት ከተማ

ፈረንሳዮች ሳይጎንን የያዟት በ1859 ነው። በ1954 ሀገሪቱ ለሁለት ስትከፈል የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሆነች። ኤፕሪል 30 ቀን 1975 የሰሜኑ ታንኮች የቤተ መንግሥቱን በር ጥሰው ገቡ፤ በዓመቱ በ1976 ስሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ ተባለ። ሰውየው ራሱ ይህን አላየም፤ በ1969 ሞቷል። ነዋሪው ግን ዛሬም ጨዋታ መሃል "ሳይጎን" ይላታል።

ስም ላይ ከደረስን አይቀር ከተማው መሃል ስላለው የጦርነት ቅሪቶች ሙዚየም ላውራ። በ1975 ሲከፈት ስሙ "የአሜሪካና የአሻንጉሊቶቿ ወንጀሎች ማሳያ ቤት" ነበር። በ1990 "አሜሪካ" እና "አሻንጉሊት" የሚሉት ቃላት ወጡ። በ1995፣ ሁለቱ ሀገሮች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት በጀመሩበት ዓመት፣ "ወንጀል" የሚለውም ወጣና የዛሬው ስም ተሰጠው። ሙዚየሙ ያው ነው፤ እንግዳው ሲለወጥ ስሙ አብሮ ተለወጠ። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ያልሄድኩባቸው ሁለት መንገዶች

አንደኛው ሜኮንግ ነው። ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሚ ቶ ከተማ ይደረሳል፣ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፎቶ ደስ ይላል፤ ሾጣጣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት፣ ቀጭን ጀልባ፣ የኮኮናት ከረሜላ፣ ማር በሻይ። ጦርነት የሚባል ነገር የለበትም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሚ ቶ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ቤን ትሬ በጃንዋሪ 1960 በደቡቡ መንግሥት ላይ የተነሳው የገበሬዎች ዓመፅ አንዱ መነሻ ነው። ከመሪዎቹ አንዷ ንጉየን ቲ ዲን የምትባል ሴት ነበረች፤ በኋላ የደቡቡ ታጣቂዎች ምክትል አዛዥና ጄኔራል ሆናለች። በ1968 ደግሞ በቴት በዓል በተከፈተው ጥቃት ከተማዋ በአሜሪካ ቦምብ ፈራረሰች። ከዚያ በኋላ የመጣውም ቀላል አይደለም። ይህ ሩዝ የሚታፈስበት ምድር ያለባት ሀገር ከ1975 በኋላ በኅብረት እርሻ ዘመን ሩዝ ከውጭ ስታስገባ ቆየች። በ1986 "ዶይ ሞይ" የተባለው ማሻሻያ መጣ፤ ገበሬው መሬቱን በራሱ ማረስ ሲጀምር በ1989 ሩዝ በብዛት ለውጭ ገበያ መሸጥ ጀመረች። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ሩዝ ሻጮች አንዷ ናት። ስለዚህ የከረሜላውን ጉብኝት አልናቅኩም። የሚያውቅ አስጎብኚ ከደረሰህ ሜኮንግ ላይ የምትሰማው የረሃብና የጥጋብ ታሪክ ነው። አንድ ምክር ብቻ፦ ካይ ራንግ የሚባለውን የውሃ ላይ ገበያ በአንድ ቀን እናሳይሃለን የሚል ካጋጠመህ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ ጠይቅ። ገበያው የሚደምቀው ጎህ ሲቀድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን ራስህ አስላው።

ሁለተኛው ካን ዞ ነው፤ ብዙ ሰው የማይመርጠው። ከከተማው በስተ ደቡብ ባሕሩ አፍ ላይ ያለ የማንግሮቭ ደን ነው። ማንግሮቭ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም ዛፍ ነው። ደኑ ለሽምቅ ተዋጊ መደበቂያ ስለነበር የአሜሪካ አውሮፕላኖች በ1960ዎቹ ኤጀንት ኦሬንጅንና ሌሎች ቅጠል የሚያረግፉ መርዞችን ረጩበት። ሲያልቅ የቀረው ራቁቱን የቆመ ጭቃ ነበር። በ1978 ሰዎች ከደቡብ ጫፍ፣ ከካ ማው፣ ችግኝ የሚሆን ዘር በጀልባ እያመጡ በእጃቸው መትከል ጀመሩ። በ2000 ዩኔስኮ ካን ዞን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው፤ በቬትናም የመጀመሪያው። ወረቀቱ ላይ ግን ጎልቶ የተጻፈው "የዝንጀሮ ደሴት" የሚል ነው። ወይ ጉድ!

የሄድኩበት መንገድ

የጋሼን ቃል አክብሬ ሁለት በአንድ የሆነውን መረጥኩ፤ መጀመሪያ ታይ ኒን የካኦ ዳይ ቤተ መቅደስ፣ ሲመለሱ የኩ ቺ ዋሻ። ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ነበርን። አስጎብኚያችን ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀልደኛ ወጣት ነው። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰማ "የቡና ተፎካካሪዬ!" አለኝ።

ታይ ኒን ከከተማው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቸኩለን የደረስነው ለስድስት ሰዓቱ ጸሎት ነው። ካኦ ዳይ በ1926 በይፋ የተመሠረተ ሃይማኖት ነው፤ ቡድሂዝምን፣ ታኦይዝምን፣ የኮንፊውሽየስን ትምህርት፣ ክርስትናንም አንድ ላይ ያቀፈ። ከቅዱሳኖቻቸው አንዱ ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሥዕሉ መግቢያው ላይ አለ። ከላይ ሰገነት ላይ ሆነን ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ የለበሱ ምዕመናን ሲሰግዱ አየን። ሁላችንም ፎቶ አነሳን። ከዚያ ወደ ምሳ።

ምሳ ላይ አስጎብኚው የነገረን ግን ከቀለሙ ይበልጣል። ካኦ ዳዮች በፈረንሳይ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የራሳቸው ጦር ነበራቸው። መሪያቸውን ፋም ኮንግ ታክን ፈረንሳዮች በ1941 ወደ ማዳጋስካር አጋዙት፤ እስከ እኛ አህጉር ድረስ ማለት ነው። በ1946 ተመለሰ። በ1956 የደቡቡ ፕሬዚዳንት ጦር ሲመጣበት ወደ ካምቦዲያ ሸሸ፣ በ1959 እዚያው ሞተ። ከ1975 በኋላ ደግሞ ኮሚኒስቶቹ ንብረታቸውን ወሰዱባቸው፤ መንግሥት ሃይማኖቱን እንደገና ያወቀላቸው በ1997 ነው። የመሪው አፅም ወደ ታይ ኒን የተመለሰው በ2006። ፈረንሳይ አልወደዳቸው፣ ደቡቡ አልወደዳቸው፣ ሰሜኑ አልወደዳቸው። "ሁሉንም እናቅፍ" ያለ ሰው ዕጣው ይሄ ነው እንዴ? ብዬ አሰብኩ።

ስንመለስ ትራንግ ባንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለፍን። አስጎብኚው በመስኮቱ ጠቆመና "ያቺ ልጅ" አለ። ሚኒባሱ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ጁን 8 ቀን 1972 የደቡብ ቬትናም አውሮፕላን ናፓልም የጣለባት፣ ልብሷ ተቃጥሎ ራቁቷን እየጮኸች ስትሮጥ ፎቶ የተነሳችው የዘጠኝ ዓመቷ ኪም ፉክ የሮጠችው እዚህ ነው። ቤተሰቧ ካኦ ዳይ ነበር፤ ቦምቡ ሲወርድ ተጠልለው የነበሩትም በመንደሩ የካኦ ዳይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ የተነሳበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ልብ በሉ፤ ቦምቡን የጣለው የገዛ ሀገሯ አብራሪ ነው።

ኩ ቺ

ዋሻዎቹን መቆፈር የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ውጊያ ነው። አሜሪካ ስትመጣ መንደር ከመንደር ከሥር ተገናኘ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በዶማና በቅርጫት! ውስጡ ወጥ ቤት፣ መኝታ፣ ሕክምና መስጫ ነበረው። የምድጃው ጭስ በረጅም ቦይ ተበትኖ፣ ስስ ሆኖ፣ እንደ ጠዋት ጉም ይወጣል፤ አውሮፕላን እንዳያየው። በጃንዋሪ 1966 የአሜሪካና የአውስትራሊያ ወታደሮች አካባቢውን አሰሱት፤ ዋሻው ግን ሊጠፋ አልቻለም። በ1968 ሳይጎን ላይ የተከፈተው የቴት ጥቃት ከተዘጋጀባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ለጎብኚ የተከፈቱ ሁለት ቦታዎች አሉ። ቤን ዲን ቀረብ ይላል፣ ሰው ይበዛበታል። ቤን ዩኦክ ይርቃል፣ ጸጥ ይላል፤ ከ44 ሺህ በላይ የተሰዉ ሰዎች ስም የተጻፈበት መታሰቢያም አለው። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ካልጻፈ ሳትከፍሉ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፣ ቤን ዲን ወሰዱኝ።

ለቱሪስት ተብሎ በሰፋው ዋሻ ውስጥ በእንብርክክ ጥቂት ሄድኩ። ሙቀት፣ ጨለማ፣ የፊተኛው ሰው ጫማ። ስወጣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ልቤ ይመታል፣ እውነት ለመናገር ኮራሁ። ወዲያው ተኩስ ሰማሁ። ደነገጥኩ። ለካ እዚያው ግቢ ውስጥ ጥይት በቁጥር እየተገዛ በእውነተኛ ጠመንጃ ይተኮሳል። ከሚኒባሳችን ሦስት ልጆች ሮጠው ሄዱ። እኔና አስጎብኚው የተቀቀለ ካሳቫ በለውዝና በጨው እየበላን ጠበቅናቸው።

"ያንተ ቤተሰብ የት ነበር?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ "ሁለቱም ጋ" አለኝ። የአያቱ ሁለት ወንድሞች ሞተዋል፤ አንዱ እዚሁ አካባቢ ከሽምቅ ተዋጊዎቹ ጋር፣ ሌላው በደቡቡ ጦር ወታደርነት። የመጀመሪያው "የሀገር ውለታ" የሚል የመንግሥት የምስክር ወረቀት አለው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሁለተኛው ፎቶ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዕጣን የሚያጨሱበት መደርደሪያ ላይ ከወንድሙ ጎን የቆመው አያቱ ካረጁ በኋላ ነው። "ለቱሪስት የምናገረው ስለ አንደኛው ነው" አለና ሳቀ።

ለሁለተኛው ጉብኝት የለውም። ከሳይጎን ብዙም በማይርቀው በቢየን ሆአ መንገድ የደቡብ ቬትናም ጦር መቃብር አለ። መግቢያው ላይ የነበረው የሐዘንተኛ ወታደር ሐውልት ከ1975 በኋላ ፈረሰ። ቦታው ከጦሩ እጅ ወጥቶ ለሲቪል አስተዳደር የተሰጠው በ2006 ነው። ቤተሰብ ሄዶ ዕጣን ማጨስ ይችላል። ምሳ ያለው፣ ሚኒባስ ያለው፣ ወረቀት ላይ የታተመ ጉዞ ግን አላየሁም።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?

ጦርነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ኩ ቺ ሂዱ፣ ዋሻው እውነት ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን ከታይ ኒን ጋር አትደርቡት፤ ሁለቱንም በሩጫ ታያላችሁ። ሰላም እንዴት እንደሚተከል ማየት ከፈለጋችሁ ካን ዞ። ሰው ከጦርነት በኋላ ምን እንደበላ ለማወቅ ሜኮንግ። የትም ብትሄዱ ደግሞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻችሁ ሆናችሁ አስጎብኚውን ስለ ቤተሰቡ ጠይቁት። መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል፤ መብቱ ነው።

ማታ ጋሼ ደወለ። "አየሽው ዋሻውን?"

"አየሁት ጋሼ።" ስለ ዋሻው ነገርኩት፤ ደስ አለው። ከዚያ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾችና ሳጥን ውስጥ ስለቆየው ፎቶ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለኝ። "እኛም እኮ አብረን የዘመርን ልጆች ነበርን።" ከዚያ ቀጥሎ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን የሦስት ጓደኞቹን ስም ጠራልኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ የሞቱ ናቸው። አንደኛው ሌላውን አጋልጧል። የሦስቱም መቃብር የት እንደሆነ አያውቅም።

ስመለስ ቁጭ ብዬ ልጠይቀው ቀጠሮ ይዘናል። ቸር እንሰንብት።