ላይዳና ጄኔሬተር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በጠራራ ፀሐይም ጋቢ የማይጠላባት ከተማ ናት። ብርዱን የሚያባብሰው ነፋሷ ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን ያንኑ ነፋስ አውድማ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ገብሱን በላይዳ ሲያዘራ፣ ነፋሱ ሲበረታ ዝቅ፣ ሲለዝብ ከፍ እያደረገ ይበትናል። የነፋስ ተርባይን ይህን ብልሃት ለመማር መቶ ዓመት ግድም ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1888 ቻርልስ ብራሽ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ያቆመው ማሽን ባትሪ ይሞላ ስለነበር ፍጥነቱ ቢለዋወጥም ችግር አልነበረውም። ጭንቁ የመጣው ከኃይል ቋት ጋር መገናኘት ሲጀመር ነው። በእኛም ሆነ በአውሮፓ የቋቱ ምት በሴኮንድ 50 ነው፤ በቀጥታ የታሰረበት ጄኔሬተር ከዚያ ልክ እምብዛም አይወጣም። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ዩል በ1957 ጌድሰር ላይ የተከለው 200 ኪሎዋት ተርባይን እንዲሁ ታስሮ አሥር ዓመት ገደማ ሠርቷል። ጥንካሬው ያስደንቀኛል። ሆኖም ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ክንፉ መፍጠን ስለማይችል ጉልበቱ ዘንጉንና ካምቢዮውን ይደበድባል።

ጀርመኖች በ1983 ፍጥነቱን የሚለዋውጥ ግዙፍ ተርባይን፣ ግሮቪያንን፣ ሠሩ፤ ብረቱ ተሰነጣጥቆ ብዙም ሳይሠራ ፈረሰ። ሐሳቡ ግን ኤሌክትሮኒክሱ ሲጎለብት በ1990ዎቹ አሸነፈ።

የሚለዋወጠውን ፍጥነት ከቋቱ ምት ጋር የሚያስታርቁ ሁለት መፍትሔዎችን አዳማ ላይ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች፣ 51 ሜጋዋት አለው። ካምቢዮ የላቸውም፤ ቋሚ ማግኔት ያለው ጄኔሬተር ከክንፉ ጋር እኩል ይዞራል፤ የሚያመነጨው ኃይል በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ ተገርቶ ወደ ቋቱ ይገባል። ቀጥሎ የተሠራው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 የሳኒ ተርባይኖች፣ 153 ሜጋዋት ነው። እነዚህ ካምቢዮ አላቸው፤ በኤሌክትሮኒክሱ የሚያልፈው በሚሽከረከረው የጄኔሬተር ክፍል በኩል የሚመጣው ኃይል ብቻ ስለሆነ መሣሪያው አነስ ይላል።

ለደጋ ፍጥነቱን የሚለዋውጥ ተርባይን ትልቅ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠው ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ለስላሳውን ነፋስ ሳያባክን የሚይዝ ማሽን ያስፈልጋል።

በበጋ ወንዞቻችን ሲጎድሉ የአዳማ ነፋስ ይበረታል፤ ተርባይኖቹ ሲሠሩ የግድቦቹ ውኃ ይቆጠባል። ደብረ ብርሃን ገብሷን የምታዘራውም በዚያው ወቅት ነው።