ከገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ውኃ

ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የአዲስ አበባ ወንዞች ለምን ወደ እናንተ ይመጣሉ?

መልሱ ከፍታ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ይህን ቁልቁለት ይዘው፣ ከተማዋን አቋርጠው ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ።

አባ ሳሙኤል ግን የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተገደበ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1 ሜትር ሲወድቅ 9.8 ኪሎዋት ያህል ጉልበት አለው። ብዙ ውኃ ከበቂ ከፍታ ሲወድቅ ጣቢያው 6.6 ሜጋዋት ማመንጨት ቻለ። በ1960ዎቹ ሥራ አቆመ፤ በቻይና ድጋፍ ታድሶ የተመለሰው በ2009 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ሐይቁ በደለልና በከተማዋ ቆሻሻ ተጎድቶ፣ እምቦጭ ወርሮታል።

ትልቁ ሀብት ግን ከመሬት በታች ነው። በጥንት ዘመን እዚህ አካባቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይና ቀይ አሽ ትቶ ሄደ። አዎ፣ ያው ለመንገድ ሥራ የሚደለደለው ቀይ አሽ! በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ለዚህ ነው በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውኃው በፓምፕ ሽቅብ ወደ ከተማው የሚላከው።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ከተማዋ ቆሻሻዋን በነጻ ቁልቁል ትልካለች፤ ንጹሑን ውኃ ደግሞ በኤሌክትሪክ ወጪ ሽቅብ ትስባለች። ሁለቱን የሚለያቸው በመካከል ያለው አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው። ዋልካ አፈሩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ቆሻሻው ቶሎ አይሰርግም። ቀይ አሹና ስንጥቁ ድንጋይ በተገለጡበት ግን መንገዱ ክፍት ነው። አንዴ ከሰረገ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃን ማጽዳት ወንዝ እንደማጽዳት አይደለም፤ እጅግ ከባድ ነው።

«ወንዙ ወደ ባሕር ይወስደዋል» እንዳትሉኝ። አቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። እዚያ እስኪደርስ ደግሞ አትክልት ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰውም ይጠጣዋል። ወንዝ ውስጥ የምንጥለው ነገር ከአገር አይወጣም፤ ከእኛው ጋር ይከርማል።