ኮሂኑር፦ ተረቱና ውሉ

ስለ ታላላቅ አልማዞች የሚነገሩት ታሪኮች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ድንጋዩ ከጣዖት ግንባር ይሰረቃል፣ ሌባውን መቅሠፍት ያገኘዋል፣ ከዚያ ወዲያ የያዘው ሁሉ ቤቱ ይፈርሳል። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ኮሂኑርም ከዚህ አላመለጠም። ወንድ ከያዘው ዙፋኑንም ሕይወቱንም ያጣል፣ ሴት ግን ያለ ስጋት ታጌጥበታለች ይባልለታል። ይህ ተረት የጥንት ሕንዳውያን ውርስ ተደርጎ ይቀርባል። ማስረጃው ሲመረመር ግን አብዛኛው ክፍሉ ድንጋዩ በእንግሊዞች እጅ በገባበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተለቃቅሞ የተቀናበረ ሆኖ ይገኛል። ያስገኘውም ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሰዎች የፈጸሙትን ሁሉ የድንጋዩ ሥራ አስመስሎታል። (ቀኑም ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ስለ ኮሂኑር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የሙጋል ሥርወ መንግሥት መሥራች ባቡር በማስታወሻው ስለ አንድ ግዙፍ አልማዝ ጽፏል፤ ብዙዎች ያ ድንጋይ ኮሂኑር ነው ቢሉም ሁለቱን አያይዞ የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም። ድንጋዩ ጥርት ብሎ የሚታየው የፋርሱ ናዲር ሻህ በ1739 ዴልሂን ሲዘርፍ ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሙሐመድ ካዚም ማርቪ አልማዙ በሙጋሎቹ የጣዎስ ዙፋን ላይ፣ በአንደኛው ጣዎስ ራስ ላይ ተሰክቶ እንደነበር ጽፏል። ናዲር በ1747 በገዛ መኮንኖቹ ሲገደል ድንጋዩ ወደ አፍጋኒስታኑ አሕመድ ሻህ ዱራኒ አለፈ። በ1813 ደግሞ ዙፋኑን ያጣው የልጅ ልጁ ሻህ ሹጃ፣ ላሆር ውስጥ በቁም እስር ሳለ፣ ለሲኮቹ ንጉሥ ለራንጂት ሲንግ አስረከበው። ይህ ሁሉ የጉልበት ታሪክ ነው፤ ግፍ ሞልቶበታል። ነገር ግን ሻህ ሹጃ የድንጋዩን ዋጋ ሲጠየቅ የመለሰው የእርግማን ተቃራኒ እንደነበር ይነገራል፤ ዋጋው መልካም ዕድል ነው፣ ባለቤቱ ጠላቶቹን ሁሉ ያሸንፋልና ማለቱ ይተረካል። ራንጂት ሲንግም አልማዙን በክንዱ እያሰረ 26 ዓመት ገዛ፤ ግዛቱን አስፋፋ፤ በ1839ም ታሞ በአልጋው ላይ ሞተ።

ታዲያ የእርግማኑ ዝና ከየት መጣ? የሕንድ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሎርድ ዳልሁዚ አልማዙ እጁ እንደገባ ቴዎ ሜትካፍ የተባለ ወጣት ሹም የድንጋዩን ታሪክ አጣርቶ እንዲያቀርብለት አዘዘ። ሜትካፍ ዴልሂ ውስጥ ሽማግሌዎችንና የዕንቁ ነጋዴዎችን እየጠየቀ የገበያ ወሬ ሰበሰበ፤ ያገኘው ነገር ደካማ መሆኑንም አልደበቀም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የተገነባው በዚህ ሪፖርት ላይ ነው። በ1850 ደግሞ አልማዙን የጫነችው መርከብ ሜዲያ በጉዞዋ ላይ ኮሌራ ገባባት። አልማዙ እንግሊዝ በደረሰበት ሰሞን አንድ ሰው ንግሥት ቪክቶሪያን በበትር መታት፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልም ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ጋዜጦች ይህን ሁሉ ከድንጋዩ ጋር አያያዙት። ዳልሁዚ ራሱ በእርግማኑ አላመነም፤ የሻህ ሹጃን መልስ እየጠቀሰ ይከራከር ነበር። ሕዝብ የወደደው ግን ሌላውን ተረት ነው።

ተረቱ የሸፈነው ሰነድ መጋቢት 29 ቀን 1849 የተፈረመው የላሆር ውል ነው። ሦስተኛው አንቀጽ የላሆር ማሃራጃ ኮሂኑርን ለእንግሊዝ ንግሥት እንዲያስረክብ ያዛል። ማሃራጃው ዱሊፕ ሲንግ ነው፤ ዕድሜው 10 ዓመት። እናቱ ጂንድ ኮር ከእርሱ ተነጥላ ታስራ፣ ከአገርም ተባራለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ በ1846 መጨረሻ በተፈረመው የባይሮዋል ውል እንግሊዞች ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው ሞግዚቱ ሊሆኑ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ በ1849 ሞግዚቱ በአደራ የያዘውን ልጅ መንግሥቱንም አልማዙንም ወሰደበት። ስጦታ ነው ለሚሉትም መልሱን የሰጠው ዳልሁዚ ራሱ ነው። ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አልማዙን ለንግሥቲቱ በስጦታ ከሚያቀርብላት ይልቅ፣ የተሸነፈው ልዑል ለድል አድራጊዋ በቀጥታ ቢያስረክብ ለክብሯ እንደሚበልጥ ጽፏል።

አንዳንዶች በ1854 ዱሊፕ ሲንግ በቤተ መንግሥት እንደገና የተቀረጸውን አልማዝ ተቀብሎ፣ ካየው በኋላ በገዛ እጁ ለቪክቶሪያ መስጠቱን ይጠቅሳሉ። ድርጊቱ ተፈጽሟል። ነገር ግን ያን ጊዜ በአሥራዎቹ አጋማሽ ያለ፣ በእንግሊዞች ጡረታ የሚኖር፣ ሃይማኖቱን የለወጠና ከእናቱ የተለየ ወጣት ነበር፤ አልሰጥም ቢል ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር የሚነግረን የለም። ጎልምሶ አእምሮው ሲነቃ ንብረቱን መልሶ መጠየቁ ደግሞ የልቡን ያሳያል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ራንጂት ሲንግም፣ ናዲርም ቀምተው ነው የያዙት ይላል። ውሉ ራሱ ድንጋዩ ከሻህ ሹጃ የተወሰደ መሆኑን መጥቀሱ ይህን ክርክር ከጅምሩ እንዳሰቡበት ያሳያል። የቀድሞ ቅሚያ ለማን ይመለስ የሚለውን ጥያቄ በእርግጥ ያወሳስባል፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ውስጥ ጥያቄ ተነሥቶበታል። የሞግዚቱን ድርጊት ግን ሕጋዊ አያደርገውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከላሆር ውል ከ19 ዓመት በኋላ የመቅደላ ዘውድና ጽላቶች ሲጋዙ፣ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ወደዚያችው ንግሥት አገር ተወስዶ በ1879 እዚያው ሞቷል። ለዚያ ዘረፋ የእርግማን ተረት ስላልተፈጠረለት ስንከራከር የምንነጋገረው ስለ ሰዎቹ ነው፤ ስለ ኮሂኑርም ክርክሩ እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። የእንግሊዝ መንግሥት አልማዙን ላለመመለስ የያዘው አቋም አልተለወጠም፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ካሜሮን በ2010 ለአንዱ የመልሱ ጥያቄ እሺ ከተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ባዶ ይሆናል ብሎ ነበር። በ2023 የተከፈተው የለንደን ግንብ አዲስ ዐውደ ርዕይ ግን ኮሂኑርን የድል አድራጊነት ምልክት ብሎታል፤ የ10 ዓመቱ ዱሊፕ ሲንግ በላሆር ውል ተገዶ እንዳስረከበውም ጽፏል። ድንጋዩን የሚጠብቀው ተቋም ራሱ ይህን ካመነ፣ ስጦታ ነበር የሚለው ክርክር ከእንግዲህ የሚቆምበት መሠረት የለውም።