ራቢንና ፔሬስ፦ በአንድ ፓርቲ ውስጥ የሃያ ዓመት ፉክክር

ምርጫ ሲቃረብ «ፕራይመሪስ» የሚለውን ቃል በዜና ሳትሰሙ አትቀሩም። ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ አስቀድመው በመራጮች ድምፅ ይለያሉ። እዚህ እስራኤል ደግሞ አንዳንድ ፓርቲዎች መሪያቸውን፣ ማለትም ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚያቀርቡትን ሰው፣ በዚህ መንገድ ይመርጣሉ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ነገሩ እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ከይስሐቅ ራቢንና ከሺሞን ፔሬስ ፉክክር የተሻለ ታሪክ የለም።

ትምህርት ቤት ውስጥ የሁለቱ ስም ሲነሳ ኦስሎ፣ የኖቤል ሽልማትና የራቢን መገደል ነው የሚነገረው። ከዚያ በፊት ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ፓርቲ፣ በሠራተኛ ፓርቲ (አቮዳ) ውስጥ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ተፎካክረዋል፤ ፉክክሩም መራራ ነበር። በየዙሩ የሚቀርቡት ሰዎች እነዚያው ናቸው። የሚለወጠው ድምፅ ሰጪው ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1974፦ 552 ሰዎች

ከዮም ኪፑር ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። በአፕሪል 1974 ጎልዳ ሜየር ከሥልጣን ለቀቁ። ተተኪውን የሚመርጠው ሕዝብ ሳይሆን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። ሁለት ሰዎች ቀረቡ።

ራቢን በ1967 ጦርነት የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ነበሩ፤ ከዚያም በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነው ሠሩ። በፖለቲካ ገና አዲስ ሰው ናቸው። በዮም ኪፑር ጦርነት ጊዜ ሥልጣን ላይ ስላልነበሩ ጥፋቱ አይነካቸውም። ፔሬስ ደግሞ በመከላከያ ሚኒስቴር ያደጉ፣ የፓርቲውን ጓዳ ጎድጓዳ የሚያውቁ ፖለቲከኛ ነበሩ። ነገር ግን በ1965 ቤን ጉሪዮንን ተከትለው ከነባሩ ፓርቲ ወጥተው ስለነበር ነባሮቹ አላመኗቸውም። ከነባሮቹ ውስጥ ጡንቻ የነበራቸው የገንዘብ ሚኒስትሩ ፒንሐስ ሳፒር ከራቢን ጎን ቆሙ።

ፉክክሩ ገና በጠዋቱ ቆሸሸ። ከድምፁ በፊት ጄኔራል ዔዘር ዋይዝማን፣ ራቢን በ1967 ጦርነት ዋዜማ ለአንድ ቀን ያህል ከሥራ ውጭ ሆነው እንደነበር ይፋ አወጡ። አሳቡ ግልጽ ነው፤ «ይህ ሰው ጭንቀት አይችልም» ለማሰኘት። ሆኖም ራቢን 298 ለ254 አሸነፉ። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ፔሬስ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ መከላከያ ሚኒስቴርን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የመከላከያ ሚኒስትሩ በአንድ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ይጎሻሸሙ ጀመር።

1977፦ 41 ድምፅ

በፌብሩዋሪ 1977 ሁለቱ እንደገና ገጠሙ። አሁን የሚመርጠው ሰፋ ያለው የፓርቲው ጉባኤ ነበር። ውጤቱ፦ ራቢን 1,445፣ ፔሬስ 1,404። በ41 ድምፅ ብቻ!

እስቲ አስቡት። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ሃያ አንድ ሰው አሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። እንዲህ ያለ ድል ደግሞ ጠብን አይዘጋም። ተሸናፊው «ትንሽ ቀረኝ» ይላል፤ አሸናፊውም እንቅልፍ አይወስደውም።

ብዙም ሳይቆይ «ሃአሬጽ» ጋዜጣ የራቢን ባለቤት ሌአ በዋሽንግተን የዶላር ሒሳብ እንዳላት አወጣ። በዚያን ጊዜ እስራኤላዊ በውጭ አገር የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዳይኖረው ሕጉ ይከለክል ነበር። አፕሪል 7 ማታ፣ ማካቢ ቴል አቪቭ በቅርጫት ኳስ የአውሮፓ ዋንጫ ባነሳበት ሌሊት፣ ራቢን ከዕጩነት ወጡ። ፔሬስ ያለ ፉክክር ተተኩ። በሜይ 17 ግን ፓርቲያቸው የሚመራው ኅብረት ከ51 ወንበር ወደ 32 ወረደና ቤጊን የሚመሩት ሊኩድ አሸነፈ። የአቮዳ ሰዎች መንግሥት ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ የያዙትን ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ አስረከቡ። የሁለቱ ጠብ ብቻውን አላመጣውም፤ ጦርነቱም ሙስናውም አለበት። ግን ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ?

ከአዳራሽ ወደ መጽሐፍ

በ1979 ራቢን የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። በውስጡ ፔሬስን ሳይታክት ከሥር ከሥር ጉድጓድ የሚምስ ሰው አድርገው ሳሏቸው። በዕብራይስጥ «ሐትራን» የሚለው ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከፔሬስ ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ። ፔሬስ መልሱን በድምፅ ሰጡ፤ በዲሴምበር 1980 በፓርቲው ጉባኤ ራቢንን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ።

ይሁን እንጂ አብረው መሥራት ነበረባቸው። ከ1984 ምርጫ በኋላ በአንድነት መንግሥት ፔሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ራቢን የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1990 ፔሬስ መንግሥቱን አፍርሰው በራሳቸው የሚመራ ጥምረት ለመመሥረት ሲሞክሩና ሲከሽፍባቸው፣ ራቢን ሙከራውን «ታርጊል መስሪያሕ»፣ ማለትም የገማ ተንኮል፣ ብለው ጠሩት። ስሙ እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት አለ።

1992፦ በሩ ተከፈተ

በምርጫ በተደጋጋሚ ማሸነፍ ያቃተው አቮዳ በ1991 አዲስ ነገር ወሰነ፤ መሪውን የሚመርጡት ከእንግዲህ የተመዘገቡት አባላት በሙሉ ይሆናሉ። ሕጉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ቢያንስ 40 ከመቶ ማግኘት።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1992 አራት ዕጩዎች ቀረቡ። ከራቢንና ከፔሬስ ሌላ፣ በየመን የተወለዱት የሂስታድሩት ዋና ጸሐፊ እስራኤል ቄሳርና ብቸኛዋ ሴት ዕጩ ኦራ ናሚር ነበሩ። ከ100,000 በላይ አባላት ድምፅ ሰጡ። ራቢን ከ40 ከመቶ በጥቂቱ አለፉ፤ ፔሬስ ወደ 35 ከመቶ፣ ቄሳር ወደ 19 ከመቶ አገኙ። ራቢን አንድ ከመቶ ቢጎድልባቸው ሁለተኛ ዙር ይመጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቄሳር ደጋፊዎች ወዴት እንደሚያዘነብሉ ማን ያውቃል?

በአዳራሽ ውስጥ ፔሬስ የእያንዳንዱን ተወካይ ስም ያውቁ ነበር። አባላቱ ሲመርጡ ግን ዋናው ጥያቄ «ሊኩድን ማን ያሸንፍልናል?» የሚል ሆነ። በጁን 23 ፓርቲው 44 ወንበር አገኘ፤ ራቢን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ፔሬስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ጊዜ ግን ነገሩ ከ1974 የተለየ ነበር። ፔሬስ የተሸነፉት በአንድ ሚኒስትር ድጋፍ ወይም በ41 ድምፅ አይደለም፤ በአባላቱ ነው። ያንን ተቀብለው በሥራ ተጣመሩ። ጓደኛ ሆኑ ማለት አይደለም፤ ግን በቀጣዩ ዓመት የኦስሎን ስምምነት አብረው አመጡ።

እኛስ የት ነበርን?

«ይህ የአሽኬናዝ ፖለቲከኞች ጠብ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። ያገባል። ቤተ እስራኤል በመመለስ ሕግ (ሖክ ሃሽቩት) መሠረት የመግባት መብት እንዳለው በ1975 የታወቀው በመጀመሪያው የራቢን መንግሥት ጊዜ ነው። ዘመቻ ሙሴ ሲካሄድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔሬስ ነበሩ። በጃንዋሪ 1996 የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ታውቆ ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ሲወጡም፣ በወንበሩ ላይ የነበሩት እኚሁ ፔሬስ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ወደዚያ ያደረሰ ምርጫ እኛንም ነክቶናል።

ሌላም አለ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ገቡ። በጁን 1992 ምርጫ ዐዋቂዎቹ እንደማንኛውም ዜጋ ድምፅ መስጠት ይችሉ ነበር። የአቮዳ መሪ ማን እንደሚሆን ግን ከአራት ወር በፊት፣ መዝገብ ውስጥ በነበሩ አባላት ተወስኗል። ምርጫ የሚጀምረው ቀልፒው ፊት አይደለም፤ ቀድሞ ነው።

ከማኅበረሰባችን ወደ ክኔሴት የገቡትን ብታዩ ሁለቱንም መንገድ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው አቶ አዲሱ መሰለ በዚያው በ1996፣ ዕጩዎቹን በአባላት ድምፅ በሚመርጠው በአቮዳ ዝርዝር ገቡ። አቶ አብርሃም ነጉሴም በ2015 ፕራይመሪስ በሚያካሂደው በሊኩድ በኩል ገቡ። ወይዘሮ ፕኒና ታምኖ-ሻታ ደግሞ በ2013 የገቡት ዝርዝሩን ሊቀ መንበሩ በሚወስኑበት በየሽ ዓቲድ ነው። የመሪው ምርጫ አንዳንዴ በሩን በፍጥነት ይከፍታል፤ ግን የከፈተው ሰው መልሶ ሊዘጋው ይችላል።

ፕራይመሪስ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ገንዘብ ይፈስበታል፤ «ካብላን ኮሎት» የሚባሉት የድምፅ ነጋዴዎችም አሉ፤ ቅጽ አስሞልተው ሰዉን በጅምላ ያስመዘግባሉ። ቤታችሁ ውስጥ አያት ወይም አጎት ምን እንደፈረሙ ሳያውቁ የፓርቲ አባል ሆነው ከሆነ፣ ጠይቋቸው፤ አንብቡላቸው። ድምፁ የእርሳቸው ነው፤ ያስፈረማቸው ሰው አይደለም።

አቮዳ በ1974 የ552 ሰው ጉዳይ ነበር፤ በ1992 ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገባበት። ራቢን 40 ከመቶን ያለፉት በጥቂት መቶ ድምፅ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር ያለን ወጣቶች ብንቆጠር ከዚያ አናንስም።