የተሰረዘውን ዋጋ ማን ከፍሎት ያውቃል?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ገበያ ነው። ረዘም ይላልና ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

በስልካችን ላይ በየቀኑ የምናየው ነገር አለ። አንድ ጫማ ወይም አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይለጠፋል። ከሥሩ «4,500 ብር» ተብሎ ይጻፍና በመስመር ይሰረዛል። ከጎኑ በቀይ «2,200 ብር! ዛሬ ብቻ!» ይላል። የሚያየው ሰው ልቡ ይሰቀላል፤ 2,300 ብር ኪሱ የገባ ይመስለዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ያንን 4,500 ብር ማን ከፈለው? መቼ? የት?

ይህን ጥያቄ ይዘን የራሳችንን የገበያ ታሪክ ብንፈትሽ ብዙ ነገር እናገኛለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አይደል የሚባለው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም ስሙ የገነነ ገበያ ባሶ ነበር፤ በዛሬው የጁቤ አካባቢ። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ክፍል ውስጥ ተምራችኋል። ከተቆረጠበት ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ከተሰበረ ይረክሳል። ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር በስንት አሞሌ እንደሚመነዘር አንድ የተቆረጠ መልስ አልነበረም። እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ስለ ጠገራ ብሩ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በተለያዩ አገሮች የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ይዞ ወጣ። አስቡት፣ በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት እውነት አልነበረም! ግን በዚህ የተታለለ ሰው የለም። ምክንያቱም 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ብር ራሱ እውነት ነበር። ተቀባዩ ዓመቱን ሳይሆን መልኩን ነው የሚመረምረው፤ ፊቱ እንዳልፈዘዘ ያያል፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራል። አያቶቻችን ፊደል ባይቆጥሩም ፈርጥ ይቆጥሩ ነበር።

ድርድሩም የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ አሁንም በገበያ ቀን ወጣ ብትሉ ታዩታላችሁ። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ገዢው ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ሁለቱም የመጀመሪያው ቃል እውነተኛ ዋጋ እንዳልሆነ ያውቃሉ። «እስኪ የመጨረሻውን ንገረኝ» ይባላል። ገዢው ሄድ ይላል፣ ሻጩ «ና እስኪ፣ ስንት ትጨምራለህ?» ብሎ ይጠራዋል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ እህሉ በቁና ይሰፈራል፤ በላዩ ላይ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨመራል። ምርቃቱ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። እኛ ጥንት የምናውቀው «ቅናሽ» እሱ ነው።

ያ ዘመን ሁሉ ማር ነበር እያልኩ አይደለም። የሚገዛበትና የሚሸጥበት ቁና የተለያየ ነጋዴ ነበር። መንገድ የቸኮለ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ፣ ዋጋ የማያውቅ ሰው ይጎዳ ነበር። በሌላው ዓለምም ችግሩ ይኸው ስለነበር ነው ሰዎች ዋጋ መለጠፍ የጀመሩት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉ የእንግሊዝ ክርስቲያኖች «የማልሸጥበትን ዋጋ መጥራት ውሸት ነው» በሚል እምነት ለሁሉም ሰው አንድ ዋጋ መጥራት ጀመሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለው መደብር፣ በአሜሪካ ደግሞ ጆን ዋናሜከር እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ የከፈተው ትልቅ መደብር በተለጠፈ ቁርጥ ዋጋ ታወቁ። በዕቃው ላይ የምትንጠለጠለዋ ወረቀት የመጣችው ሐቀኝነትን ለማሳየት ነው ማለት ነው። የሕፃን ልጅም የባለጸጋም ዋጋ አንድ ይሁን በሚል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሌላ ዓይነት ዋጋ እናገኛለን፤ የአዋጅ ዋጋ። በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ገበሬው በመንግሥት ዋጋ ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ፤ ጎጃምም እንደ አርሲ ትርፍ አምራች ስለነበረ ዋናውን ሸክም ከተሸከሙት ክፍላተ ሀገር አንዱ ሆነ። ኮታ ማሟላት ያቃተው ገበሬ ከነጋዴ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስገባበት ጊዜ ነበር። በከተማም በቀበሌው የኅብረት ሱቅ የስኳሩ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ስኳሩ ግን የለም! ያ ሥርዓት የላላው የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከመደርደሪያ ይጠፋ ጀመር፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ቁጥር መጻፍና ዋጋ መኖር የተለያዩ ናቸው። ዋጋ ማለት ሁለት ሰዎች ተስማምተውበት ገንዘብና ዕቃ የተለዋወጡበት ነው። ማንም ያልሸጠበት፣ ማንም ያልከፈለው ቁጥር፣ በመንግሥት ሰሌዳ ላይም ይሁን በቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ ስልካችን እንግባ። ያቺ የተሰረዘች 4,500 ብር ምንድን ናት? ሻጩ ገበያ ላይ ከፍ አድርጎ የሚጠራት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። 2,200ውም መጀመሪያውኑ ሊሸጥበት ያሰበው ነው። ከፍ አድርጎ የጠራው እሱ፣ «ቀንስ» ያለው እሱ፣ «እሺ ላንተ ብዬ ነው» ያለውም እሱ። ድርድሩን ብቻውን ጨርሶት ነው የሚመጣው። የገበያው ጨዋታ አለ፤ የገዢው አፍ ግን ተለጉሟል። የዋናሜከር ወረቀት ደግሞ ሐቀኝነቷን ጥላ መልኳን ብቻ ይዛ መጣች። ከሁለቱም ዓለም መጥፎ መጥፎው ተለቅሞ ደረሰን ማለት ነው።

«ታዲያ እኔ የተሰረዘውን መች አምናለሁ?» የሚል አይጠፋም። ማመን እኮ አያስፈልግም! አሞስ ቲቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ሙከራ ይተርካሉ። ሰዎች ፊት ቁጥር ያለበት መንኮራኩር ያዞሩና «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። መንኮራኩሩ 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ ሆነ፤ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃሉ። ቁጥሩ ግን ጎትቷቸዋል። የተሰረዘው ዋጋም ሥራው ይኸው ነው።

ለእኛ ደግሞ የሚጨምር ነገር አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ትናንት ከዛሬ በሚረክስበት አገር ተቀምጠን «ድሮ ውድ ነበር፣ ዛሬ ግማሽ ሆነ» የሚል ማስታወቂያ ስናይ ቢያንስ ቅንድባችን ከፍ ማለት ነበረበት። ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ ያረጀ፣ መጋዘን ውስጥ የከረመ ዕቃ በእውነት ይቀንሳል። ግን በየቀኑ፣ በሁሉም ዕቃ ላይ?

እኔ ራሴ አንድ ነገር ሞከርኩ። «ዛሬ ብቻ» የሚል የአንድ ሰዓት ማስታወቂያ አየሁና በስልኬ ፎቶ አድርጌ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሳየው «ዛሬ ብቻ» ይላል። በወሩም «ዛሬ ብቻ»። ልዩነቱ የተሰረዘው ቁጥር ማደጉ ነው፤ የሚሸጥበት ዋጋ ያው ነው! ቅናሹ አደገ ማለት ነው፣ ከሻጩ ኪስ ግን አምስት ሳንቲም አልወጣም።

ይህ ነገር ለሀብታም ቀልድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ደምበጫ ግን ስልክ የሚገዛው ወጣት ብዙ ጊዜ አባቱ በቆሎ ወይም ጤፍ ሸጦ በሰጠው ብር ነው የሚገዛው። ገበሬው አንዷን ኩንታል ሲሸጥ ግማሽ ቀን ይከራከራል። ልጁ ያንን ብር በአንድ ደቂቃ፣ ያለ ክርክር፣ አንዲት ቀይ ቁጥር አይቶ ይልከዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሕግስ ምን ይላል? በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ አሳሳች ዋጋ መመሪያ ካወጣ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ከቅናሹ በፊት የነበረው ዋጋ እውነተኛ ሊሆን ይገባል ይላል። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የአማዞን ቅርንጫፍ ከ«መደበኛ ዋጋ» ጋር እያነጻጸረ ቅናሽ ሲያሳይ የመደበኛውን ዋጋ ትክክለኛነት አላረጋገጠም ተብሎ 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ቅጣት ከፍሏል። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ ቅናሽ ሲያውጅ ባለፉት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የቅናሹ መቶኛ ራሱ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ መሰላት አለበት ብሎ ወሰነ።

የእኛም አገር ባዶ እጁን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ የዋጋ ቅናሽን በተመለከተ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትንም ከተከለከሉ ድርጊቶች አንዱ አድርጎ ይዘረዝራል። አዋጁ ሲወጣ ቴሌብር አልነበረም፤ እሱ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ግን ሐሳቡ ለስልክ ገበያም ይሠራል። የጎደለን «ቅናሹ ከምን ዋጋ ላይ ነው፣ ያስ ዋጋ ስንት ቀን ቆየ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ በስልክ ለምትነግዱ ተማሪዎቼ ነው። ጥቂት እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ፤ ሥራ ፈጥራችሁ ቤተሰብ ስታስተዳድሩ ሳይ ደስ ይለኛል። አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ እውነተኛውን ዋጋ ብቻ ብጽፍ ማን ይገዛኛል?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ጄሲ ፔኒ የተባለው የመደብሮች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የውሸት ቅናሹን ትቶ በቀጥታ ዝቅተኛ ዋጋ ልሽጥ ቢል የዓመቱ ሽያጩ ሩብ ያህል ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁም በዓመቱ ተሰናበተ። ገዢውን ለዓመታት በተሰረዘ ቁጥር አልምደውት እውነቱን ሲያዩት ርካሽ አልመስል አለው። ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም፤ እኛ ገዢዎችም ዕቃውን ትተን ቅናሹን መግዛት ለምደናል።

ግን እናንተ እንደ ያኔው ጄሲ ፔኒ በሺህ የሚቆጠር መደብር የላችሁም። ያላችሁ ስም ነው። ደንበኛችሁ የአገራችሁ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛችሁ፣ የአክስታችሁ ጎረቤት ነው። ቅናሽ ካደረጋችሁ «እስከ ትናንት በዚህ ሸጬዋለሁ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ካላደረጋችሁ አንዱን ዋጋ ጻፉና ምርቃት ጨምሩበት፤ የስልክ መሸፈኛም ቢሆን፣ ነጻ ማድረሻም ቢሆን። ምርቃት ውሸት አያስፈልገውም።

እናንተ ገዢዎች ደግሞ ዋጋው በስልክ ሲመጣ አፋችሁን አትለጉሙ። ጠይቁ። ያንኑ ዕቃ ሁለት ሦስት ቦታ እዩት፤ ከተማችን ካለው ሱቅ ጋር አወዳድሩት፤ የዛሬውን ፎቶ አድርጋችሁ ሳምንት ቆይታችሁ ተመልከቱት። የተሰረዘውን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑና ቀሪውን ብቻ እያያችሁ «ይህ ዕቃ ለእኔ 2,200 ብር ያወጣል ወይ?» በሉ። ካወጣ ግዙት። ካላወጣ ተዉት፤ 2,300 ብር አልቀረባችሁም፣ 2,200 ብር ነው የተረፋችሁ።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።